49.4 ዲግሪ፦ የ1928 ዓ.ም. ሰኔ፣ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ጊዜ ያለው አሁን ያንብበው፤ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት።

ወሬው ስለ አየር ጠባይ ነው። "የታሪክ አስተማሪን ሙቀትና ብርድ ምን አገባው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እስኪ ታገሡኝ፣ እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ አንድ የቃል ነገር እናጥራ። ክፍል ውስጥ "ሰመር ማለት ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ተማሪው በአንድ ድምፅ "በጋ!" ይላችኋል። ግን የእኛ በጋ ደረቁ ወቅት ነው፤ የአሜሪካኖቹ ሰመር ደግሞ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እኛ ለዝናቡ ጃንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ከፀሐይ ለመሸሽ ጥላ ይፈልጋሉ። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ "ሰመር" እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በጋ ካልኩት እኔም እናንተም እንደናገራለን። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እሰጣችኋለሁ፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ከተማዋ ስቲል ትባላለች። ሰሜን ዳኮታ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ከዋና ከተማው ከቢስማርክ ወደ ምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በባቡር ሐዲድ ዳር የተቆረቆረች ናት። የኪደር ካውንቲ መቀመጫ ናት እንጂ ትልቅ እንዳትመስላችሁ፤ ዛሬም ሕዝቧ 1000 አይሞላም። ዙሪያዋ ሜዳ ነው። ስንዴ፣ ሣር፣ ከብት፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ሐይቆች።

በዚህች ከተማ ሰኞ ሰኔ 29 ቀን 1928 ዓ.ም. (ጁላይ 6፣ 1936 እ.ኤ.አ.) ቴርሞሜትሩ 121 ፋራናይት አሳየ። በእኛ መለኪያ 49.4 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ የሰሜን ዳኮታ ይፋዊ ሪከርድ ይሄው ነው፤ አልተሰበረም።

"ታዲያ ዳሎልስ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳሎል የታወቀችው ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀቷ ነው፤ 34.6 ዲግሪ። ያ አማካይ ነው፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛ የሚባለው ወርም ተደምሮበት። የስቲል ደግሞ የአንድ ቀን ጫፍ ነው። አማካይና ጫፍ አይምታታባችሁ። ሌላም ልዩነት አለ። አፋር ሙቀትን ያውቀዋል፤ ቤቱ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ጉዞው ሁሉ ለሙቀት የተበጀ ነው። የሰሜን ዳኮታ ሰው ቤቱን የሠራው ለብርድ ነው።

ለምን ለብርድ? በዚያው ዓመት የካቲት 7 ቀን፣ እዚያው ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ፓርሻል በምትባል ከተማ የተመዘገበው ከዜሮ በታች 51.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። እሱም የግዛቱ ሪከርድ ነው፤ እሱም አልተሰበረም። አንድ ግዛት፣ አንድ ዓመት፣ አምስት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ልዩነት! በረዶ ሲሆን ከሚጋገረው ውሃ ጀምራችሁ እስኪፈላ ድረስ ብትቆጥሩ ያው 100 ዲግሪ ነው።

ዓመቱን ለማስታወስ ያህል፣ 1928 እኛ ጋ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ታውቃላችሁ። ፓርሻል በብርድ በደረቀችበት ሰሞን የአምባ አራዶም ጦርነት ነበር። ስቲል ከመንደዷ ስድስት ቀን በፊት፣ ሰኔ 23፣ ጃንሆይ ጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ተናገሩ። ሰኔ 27 ማኅበሩ በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። በዚያ ሳምንት እኛ በአንድ ዓይነት እሳት፣ እነሱ በሌላ ዓይነት እሳት ውስጥ ነበርን። አንዱ ሌላውን አመጣው ማለቴ አይደለም፤ ጊዜው በዓይናችሁ እንዲመጣ ነው።

አሁን ወደ ሳምንቷ። ሰኔ 28 እሑድ በጎረቤት ደቡብ ዳኮታ፣ ጋን ቫሊ በምትባል ቦታ 48.9 ዲግሪ ሆነ። በማግስቱ ስቲል 49.4 ገባች። በዚያው ሰኞ ቢስማርክ 45.6፣ ፋርጎ 45.6፣ ከፋርጎ ወንዝ ተሻግራ ያለችው የሚኒሶታዋ ሙርሄድም 45.6። ሐምሌ 4 ሙቀቱ ድንበር ተሻግሮ የካናዳዋን ዊኒፔግ 42.2 አደረሳት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ሐምሌ 6 ዊስኮንሲንንና ሚሺጋንን፣ ሐምሌ 7 ኢንዲያናን የየግዛታቸውን ሪከርድ አስያዛቸው። ሚኒሶታ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የሚኒያፖሊስ የምንጊዜም ከፍተኛ ሙቀትም የዚያው የሐምሌ 7 ነው፤ 42.2 ዲግሪ።

ይህን ሙቀት ሰው እንዴት ቻለው? የሰው ገላ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ በላይ ሲሆን ነፋስ አያቀዘቅዝም፤ ከምድጃ እንደሚወጣ ትኩስ አየር ይጨምርባችኋል እንጂ። የሚያድነው ላብ ብቻ ነው፤ ላብ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከ10 የገበሬ ቤቶች 9 ያህሉ መብራት አልነበራቸውም። የገጠር መብራት ማስፋፊያ ሕግ የወጣው ገና በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። መብራት ከሌለ ቬንቲሌተር የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ በሞተር የሚሳብ ውሃም የለም። እናትየዋ ግን ምሳ መሥራት አለባት፤ በከሰል ወይም በእንጨት ምድጃ፣ በ49 ዲግሪ!

ሰው የሚችለውን አደረገ። አንሶላ ውሃ ነክሮ መስኮት ላይ ሰቀለ። ምድር ቤት ያለው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ማታ ፍራሹን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ተኛ። ከተማም እንዲሁ ነበር። በዚያው ወር ማለቂያ፣ ኔብራስካ ውስጥ ሊንከን ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱ ከ32.8 ዲግሪ አልወርድ ሲል፣ ሰዉ አልጋ ልብሱን ተሸክሞ የግዛቱ ምክር ቤት ሣር ላይ ሄዶ አደረ። አስቡት እንግዲህ፤ ቤተሰብ በቤተሰብ ጎን፣ የመንግሥት ግቢ ውስጥ።

ሁሉም ግን ነግቶለት አልተነሣም። በዚያ ሰመር በሙቀት ምክንያት የሞተው ሰው በመላው አሜሪካ 5000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ይበልጡን የከተማ ሰው ነው፤ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ። ሙቀት ሲገድል እንደ ጎርፍ ድምፅ የለውም። ማታ "ትንሽ ደከመኝ" ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት አይነሣም። አለቀ።

እስከዚህ ያለውን የአየር ጠባይ ዘገባ በሉት። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ቁጥር ከየት መጣ?

ሰማይ ላይ የሆነው ቀላል ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር እንደ ክዳን መጥቶ አካባቢው ላይ ተቀመጠ። ወደ ታች የሚወርድ አየር ይሞቃል፣ ደመና አያስጠጋም። ምድር ላይ የሆነው ግን የሰው እጅ አለበት። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምሰጠው ምሳሌ ይሄ ነው። ውሃ ያለበትን ድስትና ባዶ ምጣድን እኩል እሳት ላይ ጣዱ። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ እሳቱ ውሃውን በማትነን ይጠመዳል። ባዶው ምጣድ ግን እየጋለ፣ እየጋለ ይሄዳል። መሬትም እንደዚያው ነው። እርጥበት ያለው መሬት የፀሐይን ኃይል በትነት ያወጣዋል፤ የደረቀ መሬት ግን ያገኘውን ሁሉ መልሶ ለአየሩ ይሰጣል። በ1936 ሰሜን ዳኮታ ባዶ ምጣድ ነበረች።

ማን አደረቃት? ዝናቡን የከለከለ ሰው የለም፤ ድርቁ የተፈጥሮ ነው። ግን ያ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ ሥሩ ጠልቆ አፈር በሚይዝ ሣር የተሸፈነ ነበር። በ1862 እ.ኤ.አ. የወጣው የሠፋሪዎች ሕግ፣ አምስት ዓመት ኖሮበት ላለማ ሰው 65 ሄክታር መሬት ይሰጥ ነበር፤ በእኛ የድሮ ስፍር አንድ ጋሻ ተኩል ይሆናል። ሰዉ ከኖርዌይ፣ ከጀርመን፣ ከሩሲያ ጭምር ጎረፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስንዴ ዋጋ ሲሰቀል ሣሩ ይበልጥ ተገለበጠ። ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ዕዳ ለመክፈል ተብሎ ጭራሽ ተጨማሪ መሬት ታረሰ። ከዚያ ድርቁ መጣ፤ አፈሩም ተነሣ። የሚያዝያ 6 ቀን 1927 ዓ.ም. አቧራ ደቡቡን ሜዳ በቀን አጨለመው። አሜሪካኖቹ ዛሬም "ጥቁሩ እሑድ" ይሉታል።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኔን የሚይዘኝ። ይሄ ሁሉ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር!

ጆን ዌስሊ ፓወል የሚባል ሰው ነበር። በእርስ በርሱ ጦርነት አንድ ክንዱን ያጣ፣ የኮሎራዶን ወንዝ በጀልባ ያሰሰ፣ በኋላም የአሜሪካ ጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነ። በ1889 እ.ኤ.አ. ሰሜን ዳኮታ ግዛት ልትሆን ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ ቢስማርክ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ሳለ መጥቶ ተናገረ። የተናገረው በአጭሩ ይሄ ነው። የምሥራቁ ክፍላችሁ ዝናብ ይበቃዋል። ምዕራቡ ያለ መስኖ አይሆንም። አደገኛው መሐሉ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ዝናብ ይጥላል፣ ሰዉም ልቡ ይሞላል፤ ከዚያ ደግሞ ዝናብ የሚጠፋባቸው ዓመታት ይመጣሉ።

ስቲል የት ናት? ካርታ አውጡ። በ100ኛው የኬንትሮስ መስመር አጠገብ፣ ልክ መሐል ላይ!

ጉባኤተኛው ሰማው፤ ንግግሩም ተመዘገበ። ከዚያ ደህና ዝናብ ያለባቸው ዓመታት መጡና ነገሩ ተረሳ። ከንግግሩ እስከ ስቲል ሰኞ 47 ዓመት ነው። ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ አይደለም፤ መዝገብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። ጥሩ ክረምት ሰውን እንዴት እንደሚያዘናጋ እኛም እናውቀዋለን።

ስለ መዝገብ ካነሣን አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። 49.4 የሚለውን ቁጥር ማን ጻፈው? በ1890 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የአየር ጠባይ ቢሮዋን ስታደራጅ፣ በየትንሹ ከተማ ያሉ በጎ ፈቃደኞች መዝጋቢ እንዲሆኑ አደረገች። ገበሬ፣ ባለሱቅ፣ አስተማሪ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ። አብዛኞቹ ደሞዝ አይከፈላቸውም። መሣሪያቸው እግር ያለው፣ ነጭ የተቀባ፣ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ውስጡ ሁለት ቴርሞሜትር አለ፣ አንዱ የቀኑን ከፍተኛ፣ አንዱ ዝቅተኛውን ይዞ የሚቆይ። ከጎኑ የዝናብ መለኪያ ጣሳ። ሥራው በቀን አንዴ ሄዶ አይቶ፣ ቅጹ ላይ መጻፍ ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ገናም ቢሆን፣ ሰርግም ቢሆን።

ይሄ አሰልቺ ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ የዚያኑ ሰመር አንድ ጭቅጭቅ ስሙ። አርተር ሮዝስታይን የሚባል የመንግሥት ፎቶ አንሺ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ በተሰነጠቀ መሬት ላይ የተጣለ የከብት ራስ ቅል አነሣ። ፎቶው በጋዜጦች ወጣ፤ የድርቁ ምልክት ሆነ። በነሐሴ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ድርቁን ለማየት በባቡር ሰሜን ዳኮታ ሲገቡ፣ ፋርጎ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ "ይሄ ፎቶ የውሸት ነው" ብሎ ጮኸ። ለካ ፎቶ አንሺው ራስ ቅሉን ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሶ በተለያየ ቦታ አንስቶታል። የምርጫ ዓመት ነበርና የፕሬዚዳንቱ ተቃዋሚዎች እንደ ጉድ አራገቡት።

ድርቁ ውሸት ነበር? አልነበረም። ግን አንድ ማስረጃ ትንሽ ሲነካካ ለመካድ ለሚፈልግ ሰው በር ይከፍታል። የመዝጋቢዎቹን ቅጽ ግን ለመካድ ይከብዳል። ቁጥሩ ብቻውን አልቆመማ! ከእሱ በፊት የትናንቱ፣ ከእሱ በኋላ የነገው አለ፤ ጎረቤት ከተማ ሌላ ሰው፣ ሳያየው፣ ሳይነጋገሩ የጻፈው አለ። ቢስማርክ፣ ፋርጎ፣ ሙርሄድ በአንድ ቀን። የታሪክ ማስረጃ ማለት ይሄ ነው ልጆች፤ አንድ ምስክር ጥሩ ነው፣ የማይተዋወቁ አራት ምስክሮች ይሻላሉ።

ከዚያ በኋላስ? የሰሜን ዳኮታ ሕዝብ በ1930 እ.ኤ.አ. 680,845 ነበር፤ በ1940 ሲቆጠር 641,935 ሆነ። ልጅ እየተወለደም ቀነሰ ማለት ነው፤ ሰዉ ነቅሎ ሄዷል። የቀረው ተማረ። መንግሥት በ1935 የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ስለነበር ተዳፋቱን አቋርጦ ማረስን፣ እርከንን፣ መሬትን ራቁቱን አለመተውን አስተማረ። ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ ነፋስ የሚከላከል ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተከለ። ድርቅ ከዚያ በኋላም መጥቷል፤ መሬቱ ግን እንደዚያ ባዶ ሆኖ አልጠበቀውም።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል?

ፓወል ቢስማርክ ላይ የተናገረበት 1889 በእኛ 1881 ዓ.ም. ነው። እኛ ጋ ክፉ ቀን የገባበት ጊዜ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ዝናቡ ጠፋ፣ ሕዝብ ረገፈ። በዚያ ክረምት ወሎ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ ጎደለ? በጣሳ የለካ የለም። የእኛን ክረምት ሲጽፉ የኖሩት ግብፆች ናቸው! ካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራ የናይል መለኪያ አለ፤ የወንዙ ከፍታ በየዓመቱ ይመዘገብበት ነበር። የናይል ጎርፍ አብዛኛው የእኛ ደጋ ዝናብ ነው። አባይና ተከዜ ሲሞሉ እዚያ ይጻፋል፣ ሲጎድሉ እዚያ ይጻፋል። የዝናባችን ደብተር በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ።

ዛሬ መንግሥት ጣቢያዎች አሉት፣ ሳተላይትም አለ። ግን ሁላችሁም እንደምታውቁት ዝናብ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ አንዱ ማሳ ሲርስ ከወንዝ ማዶ ያለው ይደርቃል። ሽማግሌዎቻችንን ብትጠይቁ "ድሮ ሰኔ እንዲህ አልነበረም" ይላሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን "ስንት ነበር?" ስትሉ መልስ የለም። በ"ይመስለኛል" ደግሞ ዘር መቼ እንደሚዘራ አይወሰንም፤ ልጆቻችሁም በ"ይመስለኛል" ከማንም ጋር መከራከር አይችሉም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ በተለይ አሁን አስተማሪ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም ገበሬ የሆናችሁትን። አፉና ሥሩ እኩል የሆነ ጣሳ ፈልጉ። ዛፍና ጣሪያ በማይጋርደው ቦታ፣ ነፋስ እንዳይጥለው አድርጋችሁ አቁሙት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ የውሃውን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ጻፉ፣ ድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ካልዘነበ "0" ብላችሁ ጻፉ፤ ዜሮም መረጃ ነው። ደብተሩ ላይ ቀኑንና የቦታውን ስም አትርሱ። ሙያ አይጠይቅም፤ አለማቋረጥን ነው የሚጠይቀው።

አንድ ተማሪ ይህን ስናገር ሰምቶ "ቲቸር፣ ይሄ ለማትሪክ ይወጣል?" አለኝ። አይወጣም። ግን የስቲሉም መዝጋቢ ያቺ ሰኞ እንደምትመጣ አያውቅም ነበር። ሲጽፍ የኖረው ተራ ቀኖችን ነው፤ ያቺ ቀን ስትመጣ ደብተሩ ክፍት ሆኖ ጠበቃት።

ኮሜንት ላይ ደግሞ ይሄን ጻፉልኝ፦ በእናንተ አካባቢ ሽማግሌዎች ስም ያወጡለት ክረምት ወይም ድርቅ አለ? ስሙ ማን ይባላል፣ በስንት ዓ.ም. ነው ይላሉ? አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ እሰበስበዋለሁ።

መልካም ክረምት!